የ10 ዓመት እስር የተደገሰለት ብየዳ

አንድ ጥያቄ ይቅደም። በዚህ አገር ሰው የገደለና አሮጌ ማይክራፎን ከመገናኛ ሬዲዮ ጋር የበየደ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ፣ የማንኛው መነሻ ቅጣት ይከብዳል?

መልሱ ቀልድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያን ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ያመረተ፣ የገጣጠመ፣ ከውጭ ያስገባ ወይም ለሽያጭ ያቀረበ ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ100 ሺህ እስከ 150 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል ይላል። መሣሪያውን ይዞ ወይም ሲጠቀምበት የተገኘ ሰው ከ1 እስከ 4 ዓመት ይታሰራል። ነፍስ ያጠፋ ከ5 ይጀምራል፤ ሬዲዮ የገጣጠመ ከ10።

«የገጣጠመ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ነገሩ ሁሉ ያለው እሷ ውስጥ ነው።

እስቲ ይታሰብ። ተክለ ሃይማኖት፣ ከመርካቶ ጎን፣ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅበት ጠባብ የጥገና ሱቅ። ባለቤቱ ሞንታርቦና ቴፕ ሲጠግኑ ጸጉራቸው የሸበተ አዛውንት ናቸው። አሜሪካ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ አንድ ወጣት ከሻንጣው ሁለት ዕቃ ያወጣል። አንዱ ሲቢ የሚባለው የሾፌሮች መገናኛ ሬዲዮ ነው። ሌላው አስታቲክ ዲ-104 የተባለ የጥንት ማይክ ነው፤ ክብ ራሱ ቀጭን ዘንግ ላይ የተሰካ፣ ከሩቅ ሎሊፖፕ የሚመስል፣ ዝርያው ከእነ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሚጀምር። ታናሽ ወንድሙ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ስጦታው ለእሱ ነው።

«ጋሼ፣ እነዚህን ያጋቡልኝ» ይላል።

«አምጣው ልጄ፣ እንያቸው» ይላሉ።

ጋብቻው ቀላል አይደለም። የጥንቱ ማይክ ውስጥ ያለው ክሪስታል በድምፅ ሲነካ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ነገር ግን ተቃውሞው እጅግ ከፍተኛ ነው። የሬዲዮው የማይክ መግቢያ የሚጠብቀው ደግሞ በመቶዎች በሚቆጠር ኦም የሚለካ ዝቅተኛ ተቃውሞ ነው። ሁለቱን እንዲሁ በሽቦ ቢያገናኙአቸው የወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና ሰውዬው ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የሚናገር ይመስላል። ስለዚህ ባለሙያው በመሃል አንዲት ትራንዚስተር ያላት፣ በ9 ቮልት ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማጉያ ያስገባሉ። ቀጥሎ ገመዱ አለ። በብዙዎቹ ባለ 4 ፒን ሬዲዮዎች አንዱ ፒን ግራውንድ፣ አንዱ ድምፅ፣ አንዱ መላኪያ፣ አንዱ መቀበያ ነው፤ ግን እንደ ፋብሪካው ቦታቸው ይለዋወጣል። መቀበያው ከተረሳ ሬዲዮው ዲዳ ሆኖ ይቀራል። መላኪያው ከግራውንድ ጋር በስህተት ከተነካካ ሳያቋርጥ እየላከ መስመሩን በሙሉ ይዘጋል።

የመጨረሻው ሥራ ከሁሉ ይበልጣል። ማጉያው ከልክ በላይ ከተከፈተ ድምፁ ይቀደዳል፤ አልፎም ወደ ጎረቤት ቻናሎች ይፈሳል። እውቀት የሌለው ሰው «ይጩህልኝ» ብሎ እስከ ጥግ ያዞረዋል። ባለሙያው ግን ሌላው ሰው እንዳይረበሽ ልኩ ላይ ያቆመዋል። የሬዲዮ ሥነ ምግባር የሚባለው ይኸው ነው፤ የሚማሩትም በብየዳ ጠረጴዛ ላይ እንጂ በአዋጅ አይደለም።

አዋጁ ግን እኚህን አዛውንት የሚያውቃቸው በአንድ ስም ብቻ ነው፦ የገጣጠመ።

ለአዋጁ ፍትሕ ይሰጠው። የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓለም አቀፍ የስልክ ጥሪን በሲም ቦክስ እየጠለፉ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ በማሳለፍ የአገርን የውጭ ምንዛሪ የሚዘርፉ ነበሩ፤ አሁንም አሉ። እነሱን መቅጣት ተገቢ ነው። ጥፋቱ ለአዞ የተጣለው መረብ ቀዳዳው ጠቦ አሳውንም እንቁራሪቱንም መጥለፉ ነው። ሚሊዮኖችን የሚዘርፈው ባለ ሲም ቦክስና ለሾፌር ወንድም ማይክ የሚበይዱት ሽማግሌ በአንድ አዋጅ ሥር ቆመዋል።

«ማንም በማይክ ተከሶ አያውቅም፣ ምን ያስጮኻል?» የሚል ይኖራል። ዐቃቤ ሕግ ተክለ ሃይማኖት ወርዶ ጠጋኝ ሁሉ ይለቅማል ያለ የለም። ነገር ግን ሥራ ላይ የማይውል ሕግ ጉዳት የለውም ማለት ስህተት ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ሁለት ነገር ይሠራል። ሐቀኛውን ያስፈራዋል፤ ጉልበተኛ ሹም ደግሞ የጠላውን ሰው የሚመታበት ዱላ ይሆናል። ተሰቅሎ የተቀመጠ ጅራፍ ባይመታበትም ልጁን ያሳቅቀዋል። ጠጋኙ «ሬዲዮ ነው? አልነካም» ብለው ዕቃውን ይመልሳሉ፤ እውቀቱም አብሯቸው ይቀበራል።

ጂኦግራፊው ራሱ ምጸት ነው። ከዚያ ሱቅ ተነስቶ በእግር ቢኬድ ከ80 ዓመት በላይ ለዚህ አገር ኤሌክትሪሺያንና መካኒክ ያፈራው ተግባረ ዕድ ይገኛል። ትንሽ ራቅ ብሎ የልደታ ፍርድ ቤት አለ። በአንድ አካባቢ የሚያስተምር ትምህርት ቤት፣ የተማረውን ሥራ ላይ የሚያውል ሱቅ፣ ሥራውን ወንጀል ብሎ ሊያስቀርብ የሚችል ችሎት። አምስት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ምልክት የሚታወቅ የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጣቢያ አለ። አገሪቱ ፈቃድ መስጠት አትችልም ማለት አይደለም። ለአንድ ግቢ የተቻለው ለሕዝቡ ለምን አይቻልም?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ወደ መንገዱ።

ከአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚመላለሰው በጅቡቲ በኩል ነው። ያን ሁሉ ጭነት የሚጎትተው ሾፌር ከፊቱ ያለው መንገድ ሰላም ይሁን አደጋ የሚያውቀው እንዴት ነው? ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት ብልጭ ሲያደርግለት ነው። የኢትዮጵያ ሾፌር ሲቢ ሬዲዮ የፊት መብራቱ ነው። ብልጭታው ግን ትራፊክ ይሁን፣ የተገለበጠ ቦቴ ይሁን፣ መንገድ የዘጋ ታጣቂ ይሁን አይናገርም። በሰኔ 2016 መጨረሻ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያሉባቸው የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታግተዋል። ሬዲዮ ቢኖር ባልታገቱ ነበር ብሎ መማል አይቻልም። ነገር ግን ከፊት ያየ ሰው ከኋላ ለሚመጣው «ቁም፣ ተመለስ» የሚልበት መንገድ መከልከሉን ማንም ሊክድ አይችልም።

«ስልክ አለ» ይባላል። ስልክ አለ፤ ሲኖር። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ በትግራይ ጦርነቱ ሲጀመር ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ኔትወርክ ቢከፈትም የስልክ ማማው መብራት ይፈልጋል፣ ፋይበር ይፈልጋል፣ ከማዕከል ጋር መገናኘት ይፈልጋል። ሲቢ የሚፈልገው የመኪና ባትሪና አንቴና ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ስልክ የሚያገናኘው ቁጥሩን የሚያውቁትን ሰው ነው። ሬዲዮ የሚያገናኘው በዚያች ሰዓት በዚያ መንገድ ላይ ያለውን፣ ስሙ የማይታወቀውን ወገን ነው።

የሚፈራው የጸጥታ ጉዳይ ነው፤ ፍርሃቱም ተራ አይደለም። «ታጣቂው ይጠቀምበታል» ይባላል። ግን ማን ነው ፈቃድ ጠይቆ የሚሸፍተው? ጠመንጃ ያለ ፈቃድ የያዘ ሰው ሬዲዮ ለመያዝ አዋጅ 761ን አያነብም። ክልከላው የሚያስቀረው ሕግ አክባሪውን ብቻ ነው። ደግሞም በ27 ሜጋኸርዝ፣ በ4 ዋት፣ በ40 የታወቁ ቻናሎች ላይ የሚተላለፍ ንግግር ለምስጢር ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው። ማንም ይሰማዋል፤ የት እንደተነሳም በአንቴና አቅጣጫ ይፈለጋል። የአየር ላይ ቃል ምስጢር እንዳልሆነ ይህ አገር በውድ ዋጋ ተምሯል፦ በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ውጊያ ዋዜማ ንጉሠ ነገሥቱ ለእቴጌ መነን የላኩትን የሬዲዮ መልእክት ጣሊያኖች ጠልፈው አንብበውታል። ወንበዴም ሾፌሮች የሚሉትን ሊሰማ ይችላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ወንበዴው አውቶቡሱን በዓይኑ ያየዋል። የማያየው አውቶቡሱ ነው።

ሌሎች አገሮች እንዴት ኖሩ? አሜሪካ የሲቢን የግል ፈቃድ ያነሳችው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ ኃይሉን በ4 ዋት ወስና ቻናል 9ን ለአደጋ ጥሪ ለይታ አስቀመጠች። ጸጥታ የሚያሳስባት፣ በድንበሯ ጦርነት ያየች ህንድም እ.ኤ.አ. በ2005 በዚሁ ሞገድ ላይ እስከ 5 ዋት ያለ ፈቃድ እንዲሠራ ደንብ አወጣች። ሁለቱም መንግሥታት ከነሥልጣናቸው አሉ።

መፍትሔው አዲስ አብዮት አይጠይቅም። አዋጅ 761 ራሱ ፈቃድ የማያስፈልጋቸውን መሣሪያዎች ዓይነት መንግሥት በመመሪያ እንዲለይ በር ትቷል። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሞ ዘርፉን እንዲቆጣጠር ተደርጓል። ገበያው ለሳፋሪኮም ተከፍቷል። ቢሊዮን ለያዘው ኩባንያ የተከፈተው አየር 4 ዋት ለያዘው ሾፌር የማይከፈትበት ምክንያት የለም።

የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በ27 ሜጋኸርዝ አነስተኛ ኃይል ያላቸው ሬዲዮዎች ጥራታቸው እየተረጋገጠ ያለ ግል ፈቃድ እንዲገቡና እንዲሠሩ ይፈቀድ፤ አንድ ቻናልም ለአደጋ ጥሪ ብቻ ይለይ። ሁለተኛ፣ «የገጣጠመ» የሚለው ቃል ይጥበብ፤ ለማጭበርበር የገጣጠመና ለመማር ወይም ለመጠገን የገጣጠመ ይለዩ። ሦስተኛ፣ በተግባረ ዕድና በየቴክኒክ ኮሌጁ የሬዲዮ ጠረጴዛ ይከፈት፤ የተክለ ሃይማኖት ሽማግሌዎችም እጃቸው ሳይደክም ለልጆቹ ያስተምሩ።

እስከዚያው ሱቁ ውስጥ ያለው ማይክ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። የጅቡቲ ሾፌርም ማታ ማታ ከፊቱ በሚመጣው መኪና መብራት ትርጉሙን እየገመተ ይነዳል። አንዴ ብልጭ ካለ ትራፊክ ነው። ሁለቴ ብልጭ ካለ ምን እንደሆነ ደርሶ ያየዋል።