ኮሮና ያራዘመው ምርጫ እና ኮሮና ሳይመጣ የቀረው ምርጫ

ሰኔ 14 ቀን 2013 ሰኞ ነው። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ጃቢ ጠህናን፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር ያን ጊዜ ዝናቡ ገብቶ ገበሬው ሥራ የሚበዛበት ወቅት ነው። ምርጫ ቦርድ ለግንቦት 28 ይዞት የነበረውን ድምፅ መስጫ ቀን የገፋው ወደዚህ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የመራጮች ምዝገባው ብዙው ጊዜ በረመዳን ውስጥ አለፈ። ከኢፍጣር በፊት ጾሙን ይዞ ተሰልፎ ካርድ ያወጣ አለ፤ "እኛን ምን ይጠቅመናል?" ብሎ የቀረም አለ። ለዚህ ሁለተኛው ወገን ጥያቄ የሚገባውን ያህል መልስ የተሰጠው አይመስለንም።

ከመራዘሙ እንጀምር። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። መስጂዶች ተዘጉ፣ ተራዊሕ በየቤቱ ተሰገደ፣ የግንቦት 16ቱን ዒድም ያለ ጀመዓ አሳለፍነው። በወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ይመራ የነበረው ቦርድ መጋቢት 22 ቀን ለነሐሴ 23 የታቀደውን ምርጫ ማድረግ እንደማይችል አስታወቀ። ይህን ያህሉ አከራካሪ አልነበረም። ጁምዓን ያስቀረ ወረርሽኝ ምርጫን ቢያስቀር ምን ይገርማል?

ክርክሩ የመጣው የሥልጣን ዘመኑ ሲያልቅ ማን ያስተዳድር በሚለው ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤቱን ዘመን 5 ዓመት ብሎ ቆርጦታል። መንግሥት አራት አማራጭ አቀረበ፦ ምክር ቤቱን መበተን፣ አስቸኳይ ጊዜ ማወጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻልና ትርጉም መጠየቅ። የተመረጠው አራተኛው ሲሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 ዘመኑን አራዘመ። አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ግን አካሄዱን ተቃውመው ከቀናት በፊት ሥልጣናቸውን ለቀው ነበር። ትግራይ ጳጉሜ ላይ የራሷን ምርጫ አደረገች፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም አይተነዋል።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን በሰሙ ጊዜ ያደረጉት ነገር ለዚህ ጉዳይ ቅርብ ነው። መጀመሪያ ሙሃጂሮችን ጠርተው አማከሩ፤ ተለያዩ። አንሷሮችን ጠሩ፤ እነሱም ተለያዩ። ቀጥሎ የቁረይሽን ሽማግሌዎች ጠየቁ፤ እነዚህ እንመለስ በሚለው ተስማሙ። ውሳኔው ከታወቀ በኋላም አቡ ዑበይዳ ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ፊት ለፊት ሞገቷቸው፤ ዑመርም መልስ ሰጡ እንጂ አልተቆጧቸውም። ወረርሽኝ ምክክርን አላስቀረም፣ እንዲያውም አበዛው። የእኛ አገር ውሳኔ የጎደለው ይኼ ይመስለናል። ውሳኔው ራሱ ሊያስኬድ ይችል ነበር፤ የተወሰነው ግን ዘመናቸው በሚራዘምላቸው ሰዎች ነበር።

ሌላው ዓለምም አንድ ዓይነት መንገድ አልሄደም። ደቡብ ኮሪያ ሚያዝያ 2012 ላይ መራጩን በማስክና በጓንት አሰልፋ፣ ትኩሳት ያለበትን ለብቻው እያስመረጠች ምርጫዋን ጨረሰች። ማላዊ ፍርድ ቤት የሰረዘውን ምርጫ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግማ መሪ ቀየረች። ሁለቱም አገር ያደረገው ስለተቻለው ነው፤ ኮሪያ ያላት የምርመራ አቅም እኛ ዘንድ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ለቡሬ ወይም ለፍኖተ ሰላም ሙስሊም ከሁሉ ይልቅ የሚነካው ምርጫ ኮሮና ያራዘመው አይደለም። የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ነው። እሱ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ነው። በ2010 መደረግ ሲገባው በጸጥታ ምክንያት ተራዘመ፣ በ2011 ደግሞ ከአገር አቀፉ ጋር ይሁን ተብሎ ተገፋ። በ2013 ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ከተማ ምክር ቤቶች በቀር የአካባቢ ምርጫ አልነበረም። ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ መራጭ ሆኗል፤ የቀበሌውን ምክር ቤት ግን አልመረጠም። (በ2005ም ቢሆን ብዙ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን ስላገለሉ ፉክክር ነበር ማለት ይከብዳል።)

ለምን ይነካናል? በ1999 የሕዝብ ቆጠራ በምዕራብ ጎጃም ሙስሊሙ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ብልጫ ድምፅ ያገኘ ሁሉን በሚወስድበት ሥርዓት እንዲህ ተበትኖ የሚኖር ሕዝብ በራሱ ድምፅ አንድም የፓርላማ ወንበር አያገኝም። ቀበሌ ላይ ግን ሃምሳ ቤተሰብ ይታያል። የመስጂድ ቦታ፣ የቀብር ቦታ፣ የንግድ ቤት፣ የገጠር መሬት ይዞታ፤ የእነዚህ ሁሉ ወረቀት ጉዞውን የሚጀምረው ከቀበሌና ከወረዳ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ሞጣ ላይ መስጂዶችና የሙስሊም ሱቆች ሲቃጠሉ ደራሽ የሚፈለገውም መጀመሪያ እዚያው ካለ አስተዳደር ነበር። ከመራጩ ፊት ለዓመታት ያልቀረበ ሹም የሚጠነቀቀው ለሾመው አለቃ ነው።

"ተራማጅ ነን" የሚሉ ፖለቲከኞች ዘንድሮም አሉ። ቃሉ ለእኛ ባዳ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሙ ለእኩልነት አደባባይ ሲወጣ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ወጥተዋል። የዒድ በዓላት እውቅና ያገኙት ከዚያ በኋላ ነው። በ1967 የታወጀው የመሬት አዋጅ ደግሞ ርስት ተነፍጎት በሽመናና በንግድ ለኖረው የሰሜኑ ሙስሊም ትልቅ ነገር ነበር። ግን ያው ተራማጅ መንግሥት አንድም ነፃ ምርጫ ሳያደርግ፣ ብዙ ወጣት ፈጅቶ ሄደ። ስለዚህ ተራማጅነትን በስሙ መቀበልም ሆነ "የዓለማውያን ነገር ነው" ብሎ መጣል ልክ አይመስለንም። በ2012 ሰኔ መጅሊሳችን በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘቱ ጥሩ እርምጃ ነው፤ ያ አዋጅ ግን ቡሬ ላይ የቀብር ቦታ ካርታ አይሰጥም።

እንግዲህ ድምፅ ሊጠይቅ የሚመጣን ዕጩ፣ ከየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ "ሃይማኖቶች እኩል ናቸው" ሲል ሰምቶ ማጨብጨብ አይበቃም። የቀበሌና የወረዳ ምርጫ በየትኛው ዓመት እንዲደረግ ትጠይቃለህ? ይባል። የክልል ምክር ቤት ዕጩ ከሆነ ደግሞ ለዓመታት መልስ ያጡ የቦታ ጥያቄዎችን ፋይል የት አድርሶ እንደሚጠይቅ ይናገር። ጥያቄውን ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ሆኖ ማቅረብ ይሻላል፤ ቀበሌው የእሱም ነው፣ እሱም ከ2005 ወዲህ አልመረጠም።

ካርድ ያወጣችሁ ማስካችሁን አትርሱ፤ በአገራችን በሽታው እስከ ሰኔ 2013 ከ4,000 በላይ ሰው ገድሎ ነበር። ጣቢያዎቹ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይከፈታሉ። አባቶችና እናቶች ከሱብሒ በኋላ ማልደው ቢወጡ ሰልፉም አይበዛባቸው፣ የከሰዓቱ ዝናብም አይደርስባቸው።