በረኛም በእግሩ ይጫወት!

ዛሬ ስለ በረኛ ልጽፍ ነው። በእረፍት ሰዓት ቡድን ስንከፋፈል በረኛ የሚሆነው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ኳስ አይችልም የተባለው ልጅ ነው። «አንተ ሂድ ግብ ላይ ቁም» ይባላል፣ በቃ። ልምምድ ላይም እኛ ስንቀባበል እሱ ብቻውን እንጨቶቹ መሀል ይቆማል። እኔ ይሄ ልክ አይመስለኝም።

ድሮ ለበረኛ እጁ ይበቃው ነበር። ተከላካዩ ሲመልስለት አንስቶ ያቅፋታል። እ.ኤ.አ. በ1992 ግን ሕጉ ተቀየረ። ጓደኛው አስቦ በእግሩ ያቀበለውን ኳስ በእጁ ከያዘ ለተቃራኒ ቡድን ቅጣት ምት ይሰጣል። ታዲያ አጥቂ እየሮጠ ሲመጣበት በእግሩ ማቀበል ካልቻለ ምን ሊያደርግ ነው? ዝም ብሎ ወደ ውጪ ይለጋታል። የብራዚሉ ሮጄሪዮ ሴኒ እኮ በረኛ ሆኖ በቅጣት ምትና በፍፁም ቅጣት ምት ከ100 በላይ ግብ አግብቷል! እኛ ይህን ሁሉ አንጠይቅም፣ ለተከላካዩ በትክክል ካቀበለ ይበቃናል።

«መጀመሪያ መያዝ ይልመድ» የሚሉ ልጆች አሉ። እውነት ነው፣ ኳስ የማይይዝ በረኛ ምንም ቢያቀብል አይጠቅመንም። ግን እንጅባራ እኮ ነን! ዝናብ ሲዘንብ ኳሷ እንደ ሳሙና ታሟልጫለች። ያን ጊዜ እግር ነው የሚያድነው።

እኛ ሌሎቻችን ደግሞ ግብ መጠበቅ ብንለምድ ጥሩ ነው። በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ ዋልያዎቹ ከናይጄሪያ ሲጫወቱ (እኛ ያኔ ወይ አልተወለድንም ወይ ታዝለን ነበር) በረኛው ሲሳይ ባንጫ መጨረሻ ላይ በቀይ ካርድ ወጣ። ቅያሪ አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ህንጻ ግብ ላይ ቆመ። ቪክቶር ሞሰስ ፍፁም ቅጣት ምቱን አገባበት፣ 2ለ0 ተሸነፍን። እኔ በአዲስ አልፈርድም፤ ሥራው አልነበረም።

ጥር 23 የፈረስ ጉግስ ያየ ሰው ነገሬ ይገባዋል። ዘንግ እየወረወረ የሚያባርረው ፈረሰኛ ተራው ሲደርስ ጋሻውን ወደ ጀርባው አድርጎ ይሸሻል። «እኔ መወርወር ብቻ ነው የምችለው» ቢል ዘንጉ ጀርባው ላይ ያርፋል።

የስፖርት መምህራችን ይህን ካነበቡ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በሚቀጥለው ልምምድ በረኛችን ከእኛ ጋር ክብ ውስጥ ገብቶ ይቀባበል። እኔ በእሱ ቦታ ግብ ላይ እቆማለሁ። ሁለት ሦስት ቢገባብኝ ግን እንዳትስቁ፣ ጓንት የለኝም።

ከ7ኛ ለ ክፍል