ዓመለኛ ድመት ወይስ የጠበበ ቤት?

በሐረር ጀጎል ውስጥ አንዲት ድመት «ዓመሏ ተለወጠ» ተብላ ስትከሰስ ፍርዱ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ምስክር ሳይሰማ ነው። ትናንት በጌታዋ ጭን ላይ ተኝታ ኩርር ስትል የነበረች ውሮ ዛሬ እግር ነከሰች፥ ምንጣፍ ላይ ሸናች፥ ወይም ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸች ጎረቤት ቀሰቀሰች እንበል። ያን ጊዜ ከሳሹም ዳኛውም ፈጻሚውም አንድ ሰው ይሆንና ድመቲቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተከታ፥ ከመሸ በኋላ ከአንደኛው በር ውጭ ትጣላለች። ይህንንም የሚያደርጉት ጨካኞች ብቻ አይደሉም። ደብተር ይዘው የሚማሩ፥ ማኅተም ይዘው የሚሠሩ ወጣቶችም ያደርጉታል፤ ሲጠየቁም «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ብለው ተረት ይጠቅሳሉ።

ተረቱ የተነገረው ስለ ሰው እንጂ ስለ ድመት አለመሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ዳሩ ግን እንደ ቃሉ እንውሰደው ቢባል እንኳ ለተከሳሿ የሚመሰክር ነው። ድመት ዓመሏን የማትረሳ ከሆነች፥ አንድ ቀን ረስታው በተገኘች ጊዜ አንድ ነገር ደርሶባታል ማለት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ያ የደረሰባት ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር እስከ መካከሉ ድረስ ይታገሠን፤ የሰው ሕይወት የሚገባበት ቦታ አለ።

ከቦታው እንጀምር። ጀጎል አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት አሠሩት የሚባለው ግንብ የከበበው 48 ሄክታር ያህል መሬት ነው። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው በተለይ ያደነቀው የመኖሪያ ቤቶቹን የውስጥ አሠራር ነበር። ይሁን እንጂ ለጎብኚ የሚያምረው መቀራረብ ለተከራይ ሌላ መልክ አለው። አንዱን ግቢ ሦስትና አራት ቤተሰብ ይጋራዋል፤ የአንዱ ጣራ ለሌላው ድመት መንገድ ነው፤ የአንዱ መስኮት በሌላው ግድግዳ ፊት ይከፈታል። አዲስ የተቀጠረ ጸሐፊ ወይም መምህር በዝውውር መጥቶ አንድ ክፍል ይከራያል፤ አይጥ ሲያስቸግረው ድመት ያመጣል። ክፍሉ አልጋ፥ ጠረጴዛ፥ ቡታጋዝና ሻንጣ ከገባበት በኋላ ለባለቤቱም መዞሪያ አይተርፈው፤ ለድመቲቱማ!

ድመት ደግሞ እንደ ውሻ በመንጋ ይኖር ከነበረ አውሬ የወጣች አይደለችም። የቤት ድመት ዘርዋ የአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ እርሱም ዛሬ በአገራችን ዱር ይገኛል። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው ጋር የተቀበረች ድመት አጽም ተገኝቶ በ1996 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግ ዕድሜው 9,500 ዓመት ያህል ሆኖ ተገምቷል። (የአቢሲንያ ድመት እየተባለ በውጭ አገር የሚከበረው ዘር፥ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት የተመለሱ እንግሊዞች ዙላ የምትባል ድመት ይዘው ሄደው የተገኘ ነው ይባላል። የዘር ምርመራው ግን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ስለሚያመለክት በዚህ መኩራራታችንን ብንቀንስ ይሻላል።) ያ የዱር ድመት ብቻውን የሚያድን፥ የራሱን ክልል በሽታ የሚከልል ነው። ብቻውን የሚኖር እንስሳ ሲታመም የሚረዳው ስለሌለ ሕመሙን ይደብቃል። የቤቲቱም ድመት ይህንን ወርሳለች። ስለዚህ ሕመሟ የሚታወቀው በማቃሰቷ ሳይሆን በጠባይዋ መለወጥ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፤ ይኸውም «ታማ ይሆን?» የሚል ነው። ወንድ ድመት ወደ መሽኛው እየተመላለሰ የሚያምጥ፥ ጠብታ ብቻ የሚወጣው ወይም ጨርሶ የማይወጣው፥ ሲነኩት የሚጮኽ ከሆነ የሽንቱ መውጫ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ የሚገድል ነው። ሰውየው ግን የሚያየው አልጋው ላይ የፈሰሰችውን ጠብታ ብቻ ስለሆነ «በቀሉን ተወጣብኝ» ብሎ ዱላ ያነሣል። ጥርሱ የታመመ ድመት ፊቱን ሲዳስሱት ይነክሳል። ያረጀችውም ድመት መገጣጠሚያዋ ሲያማት ወደ ከፍታ መዝለል ትተዋለች፤ ሲያነሷትም ትቧጭራለች። በቀል ግን የሰው ሥራ ነው፤ ድመት ቂም ይዛ በምንጣፍ ላይ ፍርድ አትፈጽምም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ከዚህ በፊት ለማዳ የነበረች ድመት ሳትነካ በድንገት ሰው ላይ ከወጣችና ከነከሰች፥ ወይም በጨለማ ጥግ ተሸሽጋ የቀረባትን ሁሉ የምታጠቃ ከሆነች፥ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ በሽታው ድመትንም ይይዛል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተላልፈው ውሻ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በድመት ለተነከሰው ሰው ይህ ምን መጽናኛ ይሆነዋል? ሕመሙ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. ውሻ ለነከሰው ልጅ ክትባቱን ከሰጠ ወዲህ ይህ የታወቀ ነገር ነው።

ስለዚህ የተነከሰ ሰው ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፥ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። «ትንሽ ቧጨረችኝ እንጂ ምንም አይደል» ማለት፥ ወይም ቅጠል አስሮ ሳምንት መጠበቅ በሕይወት መቀለድ ነው። ድመቲቱን የሚመለከተው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። የነከሰች ድመት በሕይወት ካለች በባዶ እጅ ሳትነካ በር ተዘግቶባት 10 ቀን ትጠበቃለች። በእነዚያ ቀናት ደህና ሆና ከቆየች በነከሰችበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈችም ማለት ነው፤ ክትባቱን የጀመረውም ሰው ይቀጥል ወይስ ያቁም የሚለውን ሐኪሙ በዚህ መሠረት ይወስናል። እንግዲህ ድመቲቱን በከረጢት ከቶ የጣለ ሰው ዓመለኛ እንስሳ ብቻ አልጣለም፤ ለራሱ ሕይወት የምትመሰክርለትን ምስክር ጥሏል። የተጣለችውም በእርግጥ ታማ ከሆነ በሽታውን ወደ ሌላ ሰፈር ልኮታል።

ሕመም አለመሆኑ ከተረጋገጠ ቀጥሎ የሚመረመረው ቤቱ ነው። በኤረር በር አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር አንድ ወጣት ሠራተኛ ወዳጃችን የሁለት ዓመት ድመት ነበረችው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ፥ ሁልጊዜም ወደ ማታ ላይ፥ ቅልጥሙን ይዛ ነከሰችው። ክትባቱን ጀመረ፤ ድመቲቱም ዐሥሩን ቀን ተጠብቃ ደህና ሆነች፤ ንክሻው ግን አልቀረም። ሊጥላት ከረጢት ሲፈልግ ያየችው የግቢው ባለቤት አሮጊት «ልጄ፥ ያን ግራጫውን አላየኸውም እንዴ?» አለችው። «የቱን እማማ?» ቢላት፥ ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግንብ ላይ ማታ ማታ እየመጣ የሚቀመጥ የሌላ ሰፈር ወንድ ድመት መኖሩን አሳየችው። የርሱ ድመት በመስታወቱ ውስጥ እያየችው ትንገበገባለች፤ ወጥታ እንዳትጣላ በሩ ዝግ ነው፤ በዚያው ሰዓት ጌታዋ በአጠገቧ ሲያልፍ ቁጣዋ በርሱ ላይ ይወርዳል። አለቃው የተቆጣው ጸሐፊ ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ላይ እንደሚጮኸው ያለ መሆኑ ነው። ወዳጃችን የመስኮቱን የታችኛውን መስታወት በወረቀት ሸፈነ፥ ግራጫው የሚለምደውን ትርፍራፊ ከግቢው አስነሣ፥ ሁለት ሳምንት ያህል ድመቲቱን ማታ ማታ ሳይነካት ተዋት። ንክሻው ቆመ። ከረጢቱ ከሰል ተሞላበት።

በቤት ውስጥ የሚለወጠው ነገር ሁልጊዜ እንዲህ በዓይን የሚታይ አይደለም። የሰው ጆሮ ከ20,000 ሄርዝ በላይ አይሰማም፤ የድመት ጆሮ ከ60,000 በላይ ይሰማል። ለእኛ ጸጥ ያለ የመሰለን ክፍል ለርሷ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚጮኽበት ሊሆን ይችላል። በዓልንም እናስብ። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሹዋሊድ በዓል ሲደርስ ከተማው በከበሮና በዘፈን ይሞላል፤ በየቤቱ እንግዳ ያድራል፤ ዕጣኑ ይጨሳል። ለሰው ደስታ የሆነው ይህ ሁሉ ክልሏን በሽታ ለምታውቅ እንስሳ ቤቷ በአንድ ሌሊት የሰው ቤት ሆነ ማለት ነው። በዚያን ሰሞን ምንጣፍ ብትበክል ምን ይደንቃል? አንድ ጥግ፥ ካርቶን ተደፍቶ በጎኑ መግቢያ ተቀዶለት፥ የለበሱት አሮጌ ጨርቅ ተነጥፎበት ቢተውላት ብዙ ነገር ይቀላል።

ስለ መሽኛው ከተነሣ፥ አብዛኛው ክስ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣው የድመት አሸዋ አያስፈልግም፤ በሳፋ ውስጥ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ የፈሰሰ ንጹሕ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ይበቃል። ነገር ግን በየቀኑ መጥረግ ያስፈልጋል፤ እኛስ ሦስት ቀን ያልተጠረገ ሽንት ቤት እንገባለንን? ሳፋው ከምግቧ አጠገብ አይቀመጥ፥ ሰው በሚመላለስበት በርም ሥር አይሁን። ቦታ ከተገኘ ለአንዲት ድመት ሁለት ሳፋ ይሻላል። የተበከለውን ስፍራ በበረኪና ማጠብ የተለመደ ነው፤ ሽታው ግን አንዳንዱን ድመት መልሶ ይስባልና በሳሙናና በውሃ አጥቦ ኮምጣጤ ቢያፈሱበት ይመረጣል። አፍንጫዋን በሽንቷ መድፈቅ ሰው ሲመጣ መሸሽን ብቻ ያስተምራታል።

ጠባቡን ክፍል ማስፋት አይቻልም፤ በጀጎል ውስጥ ደግሞ ቅርስ ነውና ግድግዳ እየበሱ መስኮት ማውጣት አይገባም። ሆኖም ድመት ቤትን የምትለካው በወለሉ ስፋት ብቻ አይደለም፥ በከፍታውም ነው። በዚህ ረገድ የሐረሪ ቤት ለድመት የታሰበ ይመስላል። ነደባው በደረጃ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው፤ በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች አሉ። ችግሩ ግድግዳው በስፌትና በሳሕን የተሞላ መሆኑ ነው፤ ድመቲቱ ወጥታ ብትጥለው የቤት እመቤቲቱ ትቆጣለች። ስለዚህ አንዱን መደርደሪያ ባዶ አድርጎ ለርሷ መተው ነው። ያም ከሌለ ሁለት የእንጨት ሣጥን አነባብሮ በጥግ ማቆም ነው፤ በላዩ ተቀምጣ ቤቱን ቁልቁል ማየት ከቻለች እግር የምታሳድድበት ምክንያት ይቀንሳል። ካልተሰጣት አሚር ነደባውን ራሷ ትመርጣለች፤ በዚያ ላይ የሚቀመጠው የተከበረ እንግዳ መሆኑን ማን ነግሯት! ማታ ከመመገቧ በፊትም ጨርቅ በገመድ አስሮ ዐሥር ደቂቃ ያህል ማሯሯጥ ጥሩ ነው፤ አድና የምትበላ እንስሳ ቀኑን ሙሉ በአራት ግድግዳ ውስጥ ስትውል ያልወጣላት ጉልበት ሌሊት በጩኸት ይወጣል።

ጂን ገብቶባት ነው የሚሉም አሉ። የሰውን እምነት መንቀፍ ሥራችን አይደለም፤ ብቻ ጂኑ ብዙ ጊዜ ጥርስ ሕመም ሆኖ መገኘቱን እናስታውሳለን። ድመትን አስራ፥ ሳታበላትና ራሷ አድና እንድትበላ ሳትለቃት እስክትሞት ስላቆየቻት ሴት ቅጣት በነቢዩ ሐዲስ መነገሩን የሐረር ልጅ ሁሉ ሰምቶ ያደገው ነው። በማያውቁት ሜዳ ስለ መጣልስ ምን እንላለን? በሰፈሯ ድመት የምትወጣበትን ጣራና የምትገባበትን ቀዳዳ ታውቃለች፤ ከግንብ ውጭ በሌሊት የተራገፈችው ግን ጅብና ውሻ ሲመጣባት ወዴት እንደምትወጣ አታውቅም።

ወንዱ በየግድግዳው እየረጨ፥ ሴቷም እየጮኸች የሚያስቸግሩት በአብዛኛው ለመዋለድ ሲፈልጉ ነው። ለዚህ መፍትሔው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስዶ ወንዱን ማኮላሸት፥ ሴቷንም እንዳትወልድ የሚያደርገውን ቀዶ ሕክምና ማሠራት ነው። ያንኑ ቀን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቢጠየቅላት በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ ይፈጸማል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከሐረር ሩቅ አይደለም፤ ተማሪ አንባቢዎቻችን እዚያ የሚማር ጓደኛ አያጡምና አስቀድመው ይጠይቁት። ስትሄዱ ድመቲቱን በእቅፍ አትያዙ፤ የመኪና ጥሩንባ ሲነፋ አምልጣ ትቀራለች። ክዳን ያለው ዘንቢል ወይም በስቶ አየር የሚያስገባ ካርቶን ይሁን፤ በውስጡ የምትተኛበት ጨርቅ ይነጠፍ፥ በላዩም ነጠላ ይሸፈን፤ ለባጃጁም ነጂ ምን እንደያዛችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ንገሩት።