«ለበጎ ነው» ለማለት አንቸኩል

በየሴሚስተሩ ከመካከላችን ጥቂቶቹ በሕመም፣ በገንዘብ እጦት ወይም በቤተሰብ ችግር ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ አገር ቤት ይመለሳሉ። እኛም «አይዞህ፣ ለበጎ ነው» ብለን ስንሸኛቸው ግዴታችንን የፈጸምን ይመስለናል። ይህ አነጋገር ግን ከተሸኚው ይልቅ ሸኚውን የሚያጽናና መሆኑን በራሴ ደርሶ አይቼዋለሁ።

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ ዓመቱን አቋረጥኩና ወደ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ሕክምናው ስድስት ወር ነው፤ መድኃኒቱም በጤና ባለሙያ ፊት የሚዋጥ በመሆኑ ማለዳ ማለዳ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ሆነብኝ። (ሽንት እንደሚያቀላ አስቀድሞ የነገረኝ ስላልነበረ በመጀመሪያው ቀን ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር።) ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ለበጎ ነው አለኝ። በጎው ነገር ምን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ጓደኞቼ ለፈተና ሲያጠኑ እኔ ከእናቴ ጋር ምስር እለቅም ነበር፤ ጸሎትም ቢሆን እምቢ አለኝ።

የኢዮብን ታሪክ ደግሜ ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አድርገው ነበር፤ የተበላሸው የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው። እስላም ወንድሞቻችንም የአዩብን ሰብር ያውቁታልና ይህ ነገር ለሁላችንም ነው።

በጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎኔ የሚቀመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ማንበብ ስለማይችሉ ካርዳቸውን እየዘረጉ «ልጄ፣ ስንት ቀን ቀረኝ?» ይሉኛል። እኔም እቆጥርላቸዋለሁ። ክኒኑን ከመዋጣቸው በፊት ያማትባሉ፤ ለምን ታመምኩ ብለው ሲያማርሩ ግን አንድ ቀን አልሰማኋቸውም። አንድ ሰኞ ዝናቡ በርትቶ ልቅር ብዬ ሳስብ፣ ዛሬ ማን ይቆጥርላቸዋል የሚል አሳብ መጣብኝና ተነሥቼ ሄድኩ። እምነቴ የተመለሰው በዚያ ዝናብ ይመስለኛል። የሕመሜን ምክንያት ዛሬም አላውቀውም፤ የምጠበቅበት ቦታ ግን ነበረኝ።

ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ የሚሻ ቢኖር ነቢይ መኮንንን ያስብ። በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ወደ አማርኛ መለሰው፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የታተመው ይኸው ነው። ደራሲዋም ብትሆን መጽሐፉን መጻፍ የጀመረችው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1926 ቁርጭምጭሚቷን ታማ የጋዜጠኝነት ሥራዋን ትታ ቤት በዋለች ጊዜ ሲሆን፣ የታተመውም ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ታዲያ ይህን ሰምቶ «እስር ቤትም ለካ ይጠቅማል» የሚል እንዳይመጣ እፈራለሁ። በዚያው ዘመን ታስረው በሕይወት ያልወጡ ብዙ ናቸው፤ ለእናቶቻቸው ለበጎ ነው ማለት ነውር ነው። እስሩ ክፉ ነበር፤ በጎው የሰውዬው ሥራ ነው።

ለታመመ ሰው ዕረፍት እንጂ ዓላማ ምን ያደርግለታል የሚል ይኖር ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነት ነው፤ እኔም ከጤና ጣቢያ መልስ ከመተኛት በቀር የሠራሁት የለም። ከዚያ በኋላ ግን ሰውን የሚጎዳው ማንም ምንም የማይጠብቅበት መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከየክፍላችሁ ያቋረጠ ካለ የሳምንቱን ኖት ላኩለት፤ በምላሹም አንድ ሥራ ስጡት። ለእኔ በዚያ ዓመት ኖት የላከልኝ አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ጽሕፈቱ የማይነበብ ስለነበረ ሁለት ቀን ሙሉ በጥሩ እጅ ገልብጬ መለስኩለት፤ እርሱም ያጠናው ከዚያው እንደሆነ ከፈተናው በኋላ ጻፈልኝ።