የዳገት ቤትና በረዶ

ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ስለ ቋንቋው፣ ስለ ምግቡና ስለ ናፍቆቱ ያስባል እንጂ የገዛ ቤቱ መግቢያ ያስቸግረኛል ብሎ አይጠረጥርም። እኛም አልጠረጠርንም ነበር። ዳገት በበዛበት አገር የተወለድን ስለ ሆነ፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በሴንት ፖል ከተማ ከመንገዱ ከፍ ብሎ የተሠራ ቤት በሐምሌ ወር ብናይ ደስ ብሎን ገባንበት። ቤት በሐምሌ እንደማይመረጥ የተረዳነው በኅዳር ነው።

በዚያ አገር በረዶ ማለት እኛ ዘንድ ከዝናብ ጋራ ወርዶ ወዲያው የሚሟሟው ጠጠር አይደለም። እንደ ተነደፈ ጥጥ በዝግታ ይወርዳል፤ የዓመቱ ሲደመር በአማካይ ከ1 ሜትር ይበልጣል። ለስላሳ ሳለ ልጅም በአካፋ ይጠርገዋል። መኪና አንድ ጊዜ ከረገጠው ግን ይጠጥራል፤ ቀን ፀሐይ በጥቂቱ ታሟሟዋለች፣ ሌሊት ተመልሶ ይረጋል፣ በማግስቱም መስተዋት ሆኖ ይገኛል።

አንድ ማለዳ መኪናችንን ከዳገቱ ራስ ላይ አቁመን፣ የእጅ ፍሬን ስበን ወደ ቤት ገባን። ስንመለስ መኪናው ሰው ሳይኖርበት፣ የታሰሩት ጎማዎች ሳይዞሩ፣ እንደ ጀልባ ተንሸራቶ ወርዶ ከመንገዱ መካከል ቆሟል። ከመንገዱ ማዶ ልጆች የተማሪ ቤት አውቶቡስ ይጠብቁ ነበር። ማንም አልተነካም። ከታች የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ያገራችን ሰው ወጥተው አይተው፣ «ልጄ፣ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ነው እንጂ በረዶውን አይደለም» አሉን። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

በዚያው ቀን ሁለተኛ ስሕተት ሠራን። ጨው በከረጢት ገዝተን እንደ ዘር በተንነው። ብዙ ሰው፣ ይልቁንም ለብርዱ እንግዳ የሆነው ያገራችን ሰው፣ ጨው የአካፋ ምትክ ይመስለዋል። ነገር ግን ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲደርስ የተራ ጨው ጉልበት ይደክማል፤ በጥር ወር ደግሞ ከዚያ የባሰ ብርድ ብዙ ጊዜ አለ። «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ተረት የሚፈጸመው እዚያ ነው። በእንዲህ ያለው ቀን አሸዋ ይሻላል፤ አያሟሟም፣ ነገር ግን ለጫማና ለጎማ መቆንጠጫ ይሰጣል።

ከዳገት ላይ የተበተነ ጨው ደግሞ ባለበት አይቀርም። በረዶው ሲቀልጥ ወደ መንገዱ ቦይ፣ ከቦዩም ወደ ሐይቅ ይወርዳል። የግዛቲቱ የብክለት መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት እንደሚያስረዳው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ጋሎን፣ ማለት 19 ሊትር ያህል ውሃ ለዘለቄታው ያበላሻል። ለ20 ጫማ መግቢያም 12 አውንስ የሚይዝ አንድ የቡና ኩባያ ጨው ይበቃል ይላል። እኛ የበተንነው ሙሉ ከረጢት ነበር! የሐይቆቿን ብዛት በመኪና ታርጋ ላይ ጽፋ በምትኮራ ግዛት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደዚያ ለሚሄዱ ወጣቶች የምንለው፣ መኪናው ሳይረግጠው አካፋው ይቅደም ነው። በረዶው ሌሊቱን የሚዘንብ ከሆነ ከመተኛት በፊት አንድ ጊዜ፣ በማለዳም ሌላ ጊዜ መጥረግ፣ ቆይቶ አንድ ጊዜ ከመታገል ይቀላል። መኪናውን አስቀድሞ ከታች ማቆምም መልካም ነው፤ ሆኖም ከተማው የበረዶ አስቸኳይ ጊዜ ሲያውጅ የሚጠረገው መንገድ ዳር የተገኘ መኪና ተጎትቶ ስለሚወሰድና ቅጣት ስለሚያስከፍል፣ የትኛው መንገድ በየትኛው ሰዓት እንደሚጠረግ ማወቅ ያስፈልጋል። ልቡ የደከመ ሰው ግን አካፋውን አይንካ፤ በረዶ መዛቅ በብርድ ውስጥ ልብን እጅግ ያስጨንቃል፣ በዚሁም ምክንያት የሚሞቱ አሉ።

የሽማግሌውን ደጅ አሁን የምንጠርገው እኛ ነን። እርሳቸው በመስኮት ሆነው ያላዳረስነውን ጥግ በምርኩዛቸው ያመለክቱናል። የጨው መስፈሪያ ያደረግናት ኩባያ ከበራችን አጠገብ ተሰቅላለች፤ ባለፈው የበረዶ ወራት አንዱን ከረጢት ሳናጋምስ ወጣን።