ባህል ነው ተብሎ ሁሉ አይታይም

ስፔን ለትምህርት የሄድን ክርስቲያኖች «የበሬ ፍልሚያ የአገሩ ባህል ነው፤ ማየቱ ምን ኃጢአት አለው?» ስንባል ከርመናል። የምንመልሰው በወሬ አይደለም፤ ማድሪድ ላስ ቬንታስ ገብተን አይተናል። በአንድ ቀን ስድስት በሬ ይገደላል። መጀመሪያ ፈረሰኛው አንገቱን በጦር ይወጋዋል፤ ቀጥሎ ቀለማም ሹል ዘንጎች ይተከሉበታል፤ በመጨረሻ ሰይፍ። ሃያ ደቂቃ ያህል! ሕዝቡም ያጨበጭባል።

«እናንተስ አታርዱም ወይ?» ይሉናል። እናርዳለን እንጂ። ያደግነው ጅጅጋ ነው፤ የከብት ገበያ አልጠፋንም። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ግን ቢላዋ እንስሳው ፊት አይስሉም፤ በስል ቢላ ፈጥነው ያሳርፉታል። ለመብል ማረድና ለጭብጨባ ማሰቃየት እንዴት አንድ ይሆናል? ሥጋው ኋላ ይሸጣል መባሉም አያስኬድም፤ ትኬት የተቆረጠው ለሥጋው አይደለምና።

ምሳሌ 12፥10 ጻድቁን የሚለየው ለእንስሳው በመራራቱ ነው። በዮናስ 4፥11 እግዚአብሔር ለነነዌ ሲያዝን ከብቶቿንም አልረሳም። ሮም እንኳ በፓፓ ፒዮስ 5ኛ ዘመን፣ በ1567 እ.ኤ.አ.፣ ይህን ፍልሚያ በውግዘት ከልክላ ነበር። የወንጌል አማኞች የምንባለው ከዚያ ያነሰ ሕሊና ይኑረን?

በዚያ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ጓደኞቻችሁ ሲጋብዟችሁ በትሕትና እምቢ በሉ። ለምን ብለው ከጠየቋችሁ፣ ስለ ጌታ መናገሪያ በር ተከፈተላችሁ ማለት ነው።