ጭስ የሌለው ከሰል

ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ በደብረ ብርሃን አካባቢ የሚኖር የሠራዊት ቤተሰብ ሁሉ አሳብ አንድ ነው፤ እርሱም ብርድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በዚያ ደጋ፣ ቀን ፀሐይ ቢያሞቅም ሌሊት ደመና ስለማይኖር መሬቱና የቆርቆሮው ጣሪያ የያዙትን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃሉ፤ ሲነጋም ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ከጥበቃ ተራ የሚመለስ ወታደር ቤቱ ሞቆ እንዲቆየው መመኘቱ፣ ባለቤቱም ይህንኑ ለማድረግ መጣሯ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። የዛሬው ጽሑፋችን የሚመለከተው ግን ቤቱ በምን እንደሚሞቅ ነው።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጦር አካዳሚ ተመርቄ በመጀመሪያ በተመደብኩበት ክፍል፣ በዕድሜ ታላቄ የሆኑ አንድ ሃምሳ አለቃ ከሌሊት ጥበቃ ወጥተው ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ቤታቸው ሲደርሱ በሩን የሚከፍትላቸው አጡ። ቢጣሩ መልስ የለም። በትከሻቸው ገፍተው ሲገቡ ባለቤታቸው ከአልጋው አጠገብ ወድቀው፣ የአራት ዓመት ሴት ልጃቸውም በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለች ሰውነቷ ዝሎ አገኟቸው። በቤቱ መካከል ፍሙ ዐመድ የለበሰ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። ብርድ እንዳይገባ ተብሎ የበሩ ሥር በአሮጌ ካፖርት ተጠቅጥቋል፤ መስኮቱም በላስቲክ ተሸፍኗል። ሃምሳ አለቃው ሁለቱንም ተራ በተራ ተሸክመው ደጅ አወጧቸው። ጎረቤት ደርሶ ወደ ሕክምና ተወሰዱ፤ ኦክስጅን ተሰጥቷቸውም ተረፉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጠይቃቸው ብሄድ ወይዘሮዋ አንገታቸውን ደፍተው፣ «መቶ አለቃ፣ ጭሱን እኮ ደጅ ጨርሼ፣ ፍሙ ከቀላ በኋላ ነው ያስገባሁት» አሉኝ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ከሰል ሲቀጣጠል የሚታየው ጭስ ዐይን ስለሚያቃጥልና ስለሚያስነጥስ ሰው ይሸሸዋል። ገዳዩ ግን ያ ጭስ አይደለም። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍሙ ደምቆ፣ ጭሱ ጠፍቶ፣ «አሁንስ ጠራ» በተባለበት ሰዓት ሳይቀር በብዛት ይወጣል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ደሙ እየተዘዋወረ እንኳ አንጎልና ልብ አየር ያጣሉ። በመጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞርና ማቅለሽለሽ፣ ከዚያም የጉልበት መክዳት ይከተላል። የነቃው ሰው ችግሩን በሚረዳበት ጊዜ እግሩ እስከ በሩ አያደርሰውም፤ ወይዘሮዋ ከአልጋው ሥር የወደቁት በዚህ ምክንያት ነበር። የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ያልፋል።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ በርና መስኮት ከፍቶ ሰውየውን ንጹሕ አየር ወዳለበት ማውጣት ነው። ወተት ወይም ሎሚ ለማጠጣት የሚሯሯጡ አሉ፤ ራሱን የሳተ ሰው የሚጠጣ ነገር ቢሰጡት ይታነቃል እንጂ አይድንም። ከደጅ ወጥቶ «ተሻለኝ» ቢልም ወደ ሕክምና መሄድ አለበት፤ ምክንያቱም ደሙ ከያዘው ጋዝ ግማሹን በተራ አየር ለማስወጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ሲፈጅበት፣ በኦክስጅን ግን ጊዜው ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል።

ታዲያ በብርድ እንሙት ወይ? አይደለም። ከሰሉ ሰው ሳይተኛ፣ በርና መስኮት ገርበብ ብሎ ይሙቁት፤ ከመኝታ በፊት ግን ምድጃው ከነፍሙ ከቤት ይውጣ፤ በመስኮት ሥርም አይቀመጥ። ሸክላ የተገጠመለት ላቀች ምድጃ ከሰል ይቆጥባል እንጂ ጋዙን አያስቀርም፤ ይህን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ከእሳቱ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ሙቀቱ የሚያመልጥበት ቦታ ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ባርኔጣ እንደሌለው ዘብ ነው። እንጨት ማሠሪያ ገንዘብ ባይኖር አቡጀዲድ ወይም ታጥቦ የተሰፋ የማዳበሪያ ጆንያ ከጣሪያው በታች ቢወጠር በመካከል የሚቀረው አየር ብርዱን ያግዳል። የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ በጥቅምት ይመረግ። የሞቀ ውሃ የያዘና በደንብ የተከደነ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከእግር ሥር ቢደረግ ሕፃንን ለማስተኛት ከምድጃ ይሻላል።

መብራት ባለበት ሰፈር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መጠቀም መልካም ነው፤ ነገር ግን 2,000 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ሁለቱን በአንድ ቀጭን ገመድ ላይ ማያያዝ ቤቱን ሳይሆን ገመዱን ማሞቅ ነው። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በሽቦ የሚተኩ ባለሙያ ነን ባዮች በየሰፈሩ አሉ፤ እጃቸውን ይሰብስቡ። እንጀራ የሚጋገርበትን ሰዓት ወደ ማታ ማዛወር ብቻውን ክፍሉን ያሞቀዋል፤ ተጨማሪ ወጪም የለውም።

እኛ መኮንኖችም ከወቀሳው አናመልጥም። መሣሪያ ስንቆጥርና ጫማ ስንፈትሽ የወታደሩን ቤት ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ስንቱ ነው? እኔም ያየሁት ያ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው።

ወደ ቆላው ስንመለስ፣ ከድሬዳዋ የጻፉልን አንዲት እናት ተቃራኒ ችግር አለባቸው። በየዓመቱ ግንቦት ሲደርስ ኤር ኮንዲሽነራቸው ማቀዝቀዝ ያቆማል፤ የሚመጣው ሠራተኛም «ጋዙ አልቋል» ብሎ እየሞላ ያስከፍላቸዋል። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ያለው ጋዝ በተዘጋ ቧንቧ የሚዘዋወር እንጂ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። ከጎደለ ፈስሷል ማለት ነው፤ የፈሰሰበት ሳይደፈን መሙላት የተቀደደ ጀሪካን መሙላት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የጋዙ ሳይሆን የአቧራው ነው፤ በፊት በኩል ያለው ማጣሪያ ሲደፈን አየር አያልፍም። በአቧራ ወራት በየሁለት ሳምንቱ አውጥቶ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ በጥላ ማድረቅ፣ ከደጅ ያለውንም ክፍል ከተከመረ ዕቃ ነፃ ማድረግ ያስፈልጋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞተሩ እንዳይጎዳ 3 ደቂቃ ያህል ጠብቆ ማስነሣት ይገባል። ቁጥሩን ወደ 16 ማውረድም ቤቱን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፤ ሞተሩን ረጅም ሰዓት ያሠራዋል እንጂ።

እንግዲህ እኒህ እናት አስቀድመው ማጣሪያውን ይጠቡት። ካልቀዘቀዘ ሠራተኛውን ይጥሩ፤ ሲመጣም ጋዝ ከመሙላቱ በፊት በቧንቧው መጋጠሚያዎች ላይ የሳሙና አረፋ ቀብቶ የሚንቦጨቦጨውን ቦታ እንዲያሳያቸው ይጠይቁት።